የአኮ ሲንቄ የወጣ ዕለት

ባለፈው ወር ሮቤ ሄጄ የአያቴን በር ገፋ ሳደርግ፣ ከሰው በፊት የተቀበለኝ ሽታ ነው። ያደረ ቅቤ፣ የቆየ እንጨት፣ የክረምት እርጥበት። ዐይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ደፉ ላይ ቆምኩ። አፍንጫዬ ግን ቀድሞኝ ገብቶ፣ ከአልጋው ራስጌ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ቀጭን ዘንግ አግኝቶታል።

ሲንቄ ይባላል። እናት ልጇን ስትድር በእጇ የምታስይዛት ዘንግ ነው። ከብት አይነዱበትም፣ ሰው አይመቱበትም፣ ምርኩዝም አይደለም። አኮ፣ አያቴን ማለቴ ነው፣ እኛ አገር ሴት አያት አኮ ነው የምትባለው፣ በየጊዜው በቅቤ ታሸዋለች። ዕድሜ ልኩን ቅቤ የጠጣ እንጨት ምን እንደሚሸት እዚያ ቤት ያላደገ ሰው አያውቀውም።

ያን ዘንግ በስምንት ዓመቴ አንድ ጊዜ ሰርቄ አውጥቼዋለሁ። የሰፈራችን ወንዶች ያን ቀን ምሳ ሳይበሉ የዋሉት በእኔ ጦስ ነው።

ያኔ የምንኖረው አያቶቼ ግቢ ውስጥ ነበር፣ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር። አባቴ ከማል የኮምባይነር ሹፌር ነው፤ ስንዴ በደረሰበት እየተከተለ የዓመቱን ግማሽ በየማሳው ያድራል። እናቴ ነርስ ናት። ከወሎ ተመድባ መጥታ፣ አባቴን አግብታ በዚያው ቀረች። በየጠዋቱ በሚኒባስ ጎባ ሄዳ ትሠራለች፤ ማታ ጋውኗን በፌስታል ጠቅልላ፣ ጉንጯ በብርድ ቀልቶ ትገባለች። ታናሽ ወንድሜ ነጂብ ጡት ከጣለ ገና ሦስት ወሩ ነበር።

ያን ዓመት ሳስበው ፀሐይ የወጣችበት ቀን አይታየኝም። ወጥታማ ነበር፤ ያለ ፀሐይ ስንዴ አይታጨድም። ግን ትዝታዬ ውስጥ ሁሌም ጉም ነው። በጉሙ ውስጥ የጋሪ ፈረስ ቃጭል ይሰማል፣ ፈረሱ ግን አይታይም። ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ብቅ ይላል፣ እናቴን ይዟት ይጠፋል። እኔም እስኪመሽ ድረስ እናቴ ጉሙ ውስጥ የምትቀመጥ ይመስለኝ ነበር።

አያቴ አባባ መንገዱ ዳር ሱቅ ነበራቸው። ጨው፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ገመድ፣ የፈረስ ልጓም፣ ከረሜላ ይሸጣሉ። ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ትልቁ የጽድ ዛፍ ሥር፣ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚመጡት ወደዚያ አግዳሚ ነው፤ አባባ ቃላቸው ይሰማል። የእኔ ሥራ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሻይ በፔርሙስ ማድረስ ነበር። አድርሼ ግን ቶሎ አልመለስም። የጨው ጆንያ ላይ ጉብ ብዬ የሽማግሌ ወሬ እለቅማለሁ።

በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራዲዮው የሴቶች ዝግጅት ነበረው። አባባ እንደዚያ ዝግጅት የሚጠሉት ነገር አልነበረም። ታዲያ አንድም ቀን አምልጧቸው አያውቅም። ደንበኛ ቢመጣ እንኳ «ቆይ፣ ቆይ፣ እነዚህ ሴቶች ምን እንደሚሉ ልስማ» ብለው በእጃቸው ያስቆሙታል።

ዝግጅቱ ሲያልቅ እሳቸው ይጀምራሉ።

«እኩልነት ብለው ሴቷን ከቤት አስወጧት። ደግ፣ ትውጣ! ቤቱን ማን ተረከበው? ማንም! ልጁ ከማን ጋር ይውላል? ከሠራተኛ። ማታ ባልም ደክሞት፣ ሚስትም ደክሟት ይገባሉ፤ ማን ለማን ያወራል? ዱሮ ሴት የቤቷ እመቤት ነበረች፤ አሁን ከአለቃዋ ፊት ፈራሚ ሆነች። ይሄን ነው ነፃነት የሚሉት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።»

«ዱጋ፣ ዱጋ» ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው።

«የእኛን ሴት ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥቶ መብት የሚሰጣት ማነው? ሲንቄ አላት! ሲንቄዋን ይዛ ከወጣች የትኛው ወንድ ነው ፊቷ የሚቆም? አባቶቻችን ራዲዮ ሳይኖር ያወቁትን እነዚህ ዛሬ ሊያስተምሩን ነው። ሲንቄ ይበቃታል!»

አንድ ቀን ደግሞ፣ «ይሄ ፌሚኒዝም የሚሉት ነገር በየቀኑ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ እየመጣ ነው» አሉ። እኔ ነገሩን በቀጥታ ያዝኩት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀርቼ መናኸሪያ ሄድኩና ከአውቶቡሱ ላይ ሲወርድ ለማየት ቆምኩ። የሽንኩርት ጆንያ ወረደ። ፕላስቲኩ ያልተላጠ ሶፋ ወረደ። እግሯን የታሰረች ዶሮ ወረደች። በመጨረሻ ጃንጥላ የያዘች፣ ሱሪ የለበሰች ረጅም ሴት ስትወርድ፣ «እሷ ናት» ብዬ ተከተልኳት። ገበያ ድረስ ሄደች፣ ድንች ገዛች፣ ከድንች ሻጯ ጋር ተጨቃጨቀች፣ ሄደች። ለአባባ አልነገርኳቸውም። የመጣው ያን ያህል የሚያስፈራ እንዳልሆነ ብነግራቸው የሚያዝኑ መሰለኝ።

ከዚያ የእናቴ ደብዳቤ መጣ። አዲስ አበባ የአንድ ዓመት ሥልጠና፤ ስትጠብቀው የኖረችው ነበር። ደብዳቤውን ስታነብ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አይቼ፣ ያ ከአውቶቡስ የሚወርደው ነገር እሷንም እንደያዛት ገባኝ። እንደ ወባ የሚይዝ ነገር መስሎኝ ግንባሯን ዳሰስኩ። ቀዝቃዛ ነበር።

ክርክሩ የከረረው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ። አባቴ ማሳ ነው። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፣ እናቴ ቆማለች፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ የተኛሁ እመስላለሁ።

«ነጂብ ገና እንደ ሕፃን ነው» አሉ አባባ። «እናት ሳለ የእናት ናፍቆት ልታስተምሪው ነው?»

«አባባ፣ አንድ ዓመት ነው። ለልጆቹ ብዬ ነው።»

«ሁሉም ለልጆቼ ብዬ ነው ይላል። ልጁ ግን የሚፈልገው አንቺን እንጂ ሰርተፊኬት አይደለም።»

«ከማል መንፈቁን ሙሉ ሲቀር ቤቱ ፈርሶ ያውቃል?»

«እሱ ወንድ ነው። ቢሆንም ሲንቄ ያላቸው ሴቶች አገር ነው የገባሽው። በደል ካለብሽ መንገዱ አለ።»

እናቴ ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። «እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ አባባ። እናቴ ዘንግ አልሰጠችኝም። የሰጠችኝ ትምህርት ነው፤ እሱን ይዤ ልውጣ።»

 አኮ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ጭኮ ታሻ ነበር፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ። አንዳቸውም ወደ እሷ አላዩም። እኔም ያየሁት ጭኮውን ነው።

ጉዞው ሰኞ ሆነ። እናቴን ለማስቀረት የቀረኝ አንድ መላ ብቻ ነበር። ከጥቂት ቀን በፊት አኮ ሲንቄዋን ቅቤ ስትቀባ፣ ምን እንደሚሠራ ጠይቄያት ነበር።

«ሲንቄ ከወጣ ሁሉም ነገር ይቆማል» አለችኝ። «የተበደለች ሴት ይዛው ትወጣለች። ያየች ሴት ሁሉ ሊጧን ጥላ፣ ላሟን ሳታልብ ተከትላት ትወጣለች። ሽማግሌ መጥቶ እስኪያስታርቅ ድረስ ማንም የትም አይሄድም።»

ማንም የትም አይሄድም። አውቶቡስም አይሄድም ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት አኮ ለስግደት ስትነሳ አብሬያት ነቃሁ። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሲንቄውን አንስቼ በጓሮ በኩል ሾለክሁ። ከእኔ ይረዝማል፤ እጄ በቅቤው ይንሸራተታል። ጉሙ እንደ ወትሮው ነበር፣ አጥራችን እንኳ አይታይም። መንገዱ መሃል ሄጄ፣ አውቶቡሱ ያልፍበታል ያልኩት ቦታ ላይ ዘንጉን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።

ከአውቶቡሱ በፊት የመጣችው ግን ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ ናት፣ የወተት ዕቃዋን አዝላ። አየችኝ። ሲንቄውን አየች። የአኮ እንደሆነ አወቀች። ሲንቄ ያላገባች ሴት አትይዘውም፤ የስምንት ዓመት ልጅማ በፍጹም። እንግዲህ አዴ ዘይነባ ምን ታስብ? አኮ በባሏ ተመትታ፣ መነሳት አቅቷት፣ ልጅ እንደላከች ነው የቆጠረችው።

«ያ ረቢ! ምን አደረጋት!» አለችና ወተቷን መንገድ ዳር አስቀምጣ ጮኸች።

እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ረጅም ነው፣ ከጉሙ ውስጥ ሌላ ጩኸት ይመልስለታል፣ ለዚያ ደግሞ ሌላ። ከዚያ ሴቶች ከጉሙ መውጣት ጀመሩ። እጃቸው ሊጥ የሆነ፣ ነጠላቸው የተዘቀዘቀ፣ ባዶ እግራቸውን የሆኑ፤ ሁሉም ቀጭን ዘንግ ይዘዋል። የማውቃቸው ሴቶች ነበሩ፣ ሳሙና የሚገዙን፣ ጨው የሚበደሩን። ያን ጠዋት ግን ረጅም ሆነው ታዩኝ። ከአባባ ሱቅ ፊት፣ ከጽዱ ሥር፣ እርጥብ ሣር ላይ ተቀመጡ። እኔን መሃላቸው አስቀመጡኝ። ያደረግሁትን ልናገር አፌን ስከፍት ጩኸታቸው ቃሌን ዋጠው።

አባባ ከመስጊድ ሲመለሱ አግዳሚያቸውን በሴት ተከቦ አገኙት። ፊታቸው ወዲያው ጠቆረ።

«ምን ሆናችሁ?»

«እርስዎን ነው የምንጠይቀው!» አለች አዴ ዘይነባ። «ምን አደረጓት?»

ያኔ አኮ ደረሰች፣ የውሃ ጀሪካኗን እንደያዘች፣ አንድም ጭረት ሳይነካት። ከኋላዋ እናቴ ሻንጣዋን ይዛ ከግቢው ወጣች። አኮ ሲንቄዋን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ነገሩ ሁሉ ገባት። እኔ ጭንቅላቴን ጉልበቴ ውስጥ ቀበርኩ። ስቃ «የልጅ ነገር ነው፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ሁሉም ያን የጠበቀ ይመስለኛል።

አኮ ጀሪካኗን አስቀመጠች፤ ከሴቶቹ ጋር ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«ያወጣችው ልጅቷ ናት» አለች። «አባ ከማል አልመታኝም። ወላሂ፣ በኖርነው ዘመን አንድ ቀን እጁን አላነሳብኝም። ግን የወጣ ሲንቄ እንዲሁ አይገባም። ተቀምጫለሁና ልናገር።»

አባባ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ወር ሙሉ እሱ ቤት፣ ቤት ይላል። ምራቴ መብት፣ መብት ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነጂብ ሲያለቅስ ግን የሚያነሳው ማነው? ቤትም አያነሳው፣ መብትም አያነሳው። እኔ ነኝ የማነሳው። ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ጉልበቴ አልቋል። እሷ ብትሄድም እኔ ላይ ነው፣ ብትቀርም ጠዋት ጎባ ስትሄድ እኔ ላይ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ አንቺስ ትችያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ?»

እናቴ ሻንጣዋን ጭቃው ላይ ለቀቀችው። ነጭ ሻንጣ ነበር።

«አባባ» አለች አዴ ዘይነባ፣ አሁን ቀስ ብላ፣ «ሲንቄ ይበቃታል ሲሉ ከመንገዱ ማዶ ሆነን እንሰማ ነበር። እነሆ፣ ወጣ።»

አውቶቡሱ አለፈ። ጥሩምባውን ነፋ፣ ሴቶቹን ሲያይ ዝም ብሎ በዳር አለፈ። እናቴ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ሲንቄ ባይኖራትም ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ሳስታውስ እስካሁን እስቃለሁ። ከቤት ውስጥ የነጂብ ልቅሶ ተሰማ። እናቴ ልትነሳ ስትል አዴ ዘይነባ ቀሚሷን ያዘች፤ ከዕርቅ በፊት አይነሳም። አኮ ጽዱን ታያለች። ልቅሶው ጨመረ። አባባ ወዲያ አሉ፣ ወዲህ አሉ፣ በመጨረሻ ገቡ። ቆይተው ነጂብን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ቁልቁል ሊዘቀዝቁት ምንም ሳይቀራቸው ወጡ። ነጂብ ጋቢውን አርሶታል።

«ምን ላድርገው?» አሉ።

ከዚያ ሁሉ ሴት አንዷም አልመለሰችላቸውም። ሁሉም ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። የተወሰኑት ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኩለ ቀን ሆነ፣ ምሳ የለም። ወንዶች በየበራቸው ብቅ እያሉ ይመለሳሉ። በመጨረሻ ሐጂ ቃሲም፣ ከአግዳሚው ሽማግሌዎች ትልቁ፣ የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መጡ። ለአባባም ሣር አስያዟቸው። በሌላ ሰው ጠብ ሁሌ ሣር የሚያስይዙት አባባ ነበሩ። ነጂብን በአንድ ክንድ ታቅፈው፣ በሌላው እጃቸው ሣሩን ዘርግተው አኮ ፊት ቆሙ።

«አጥፍቻለሁ» አሉ። «አልጠየቅኩሽም። አሁን ልጠይቅሽ። ትችያለሽ ወይ?»

«አልችልም» አለች አኮ። «ብቻዬን አልችልም።»

አባባ ነጂብን ከፍ አድርገው ታቀፉት። ከዚያ፣ «ከዙሁር ሶላት በኋላ ሱቁን እኔ ከልጁ ጋር ሆኜ እይዛለሁ» አሉ። ድምፃቸው ለሽማግሌዎቹ አይሰማም ነበር፤ እኔ ግን ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁ።

እናቴም አኮ ፊት ተንበረከከች። «እኔም አልጠየቅኩዎትም። ቅሪ ካሉኝ እቀራለሁ።»

«አሁን ጠየቅሽ» አለች አኮ። «ሂጂ።»

አባባ በግ አረዱ፣ ሴቶቹም ተመርቀው ተነሡ። እናቴ ረቡዕ ሄደች። ከሁሉ ይበልጥ የተከዳሁት እኔ እንደሆንኩ ቆጠርኩ። «ሁሉም ይቆማል ብለሽኝ ነበር» ብዬ አኮ ላይ አለቀስኩ።

«ቆመ አይደል እንዴ?» አለች አኮ። «የቆመ ደግሞ መልሶ ይሄዳል።»

የዚያ ዓመት የቀረው እንደ እንቅልፍ ያለ ነው። ነጂብ የጨው ጆንያ ላይ ይተኛል፣ አባባ በአንድ እጃቸው ዝንብ ይከለክሉለታል። የሴቶቹ ዝግጅት ሲመጣ ራዲዮውን ከፍ ያደርጋሉ። ሐሳባቸውን በአንዲት ቃል አልቀየሩም። «እናት የሌለችበት ቤት ቤት አይደለም!» ይላሉ፣ የነጂብን ንፍጥ በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። ሽማግሌዎቹ «ዱጋ» ይላሉ፣ ሳቃቸውን እየዋጡ።

እናቴ በዓመቱ ስትመለስ ስንዴው እየታጨደ ነበር። ከሚኒባሱ ወርዳ እጇን ዘረጋች። ነጂብ አያት፣ ዞሮ የአባባ እግር ውስጥ ተደበቀ። ልትይዘው ስትቀርብ ጮኸ፤ ወደ አኮ ሮጦ «እማዬ» አላት። እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። እጆቿን እያገላበጠች ታያቸው ነበር።

ሁላችንም አባባን አየን። ዓመት ሙሉ የተናገሩት ፊት ለፊታቸው ቆሞላቸዋል፤ አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር።

«ልጁ እንቅልፍ አልጠገበም» አሉ። «ነገ ይለምድሻል።» ወደ ሱቃቸውም ሄዱ።

ሻይ ሳደርስላቸው የሴቶቹ ዝግጅት ሰዓት ነበር። ራዲዮው ዝም ብሏል። እንደዚያ ቀን ወድጃቸው አላውቅም። «ነገ» ያሉት ግን ሦስት ወር ፈጀ።

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። አኮ ዐይኗ ደክሟል፤ ባለፈው ወር ስገባ በድምፄ ነው ያወቀችኝ። ጭኮ አቀረበችልኝ። የመጣሁት ለምርቃት እንደሆነ ነገርኳት፤ ለሥራ ስምንት ወር ሌላ ከተማ ልሄድ ነው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አላህ ያቅናሽ» አለች። «ልጅሽስ?»

«አማቴ ጋ ትሆናለች።»

«ደግ ሴት ናቸው?»

«በጣም። ችግር የለም ብለዋል።»

አኮ ጭኮዋን ቀስ ብላ አላመጠች።

«ችግር የለም ያሉት ስትጠይቂያቸው ነው፣ ወይስ ስትነግሪያቸው?»

ከአልጋው ራስጌ ሲንቄው ቆሟል። ስልኬን ይዤ ወደ ጽዱ ሥር ወጣሁ። ደወልኩ፣ አማቴ አነሱ፣ ደኅና መግባቴን ጠየቁኝ።

«እማማ» አልኳቸው፣ «ይችላሉ ወይ?»

በስልኩ ውስጥ ልጄ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር፣ እሳቸውም ሊያነሷት ሲጎነበሱ ጉልበታቸው ሲንቋቋ።